ጨፌ በር ዝም ያለ ዕለት

በጨፌ በር ሰው ከእንቅልፉ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው በሩ ፊት ቆሞ መጠበቅ ነው። በሩ የሚከፈተው ከሰፈሩ የመገናኛ ምሰሶ ፈቃድ ሲደርሰው ነው፤ ፈቃዱ በአየር ይመጣል፣ አየሩ ደግሞ ወረፋ አለው። የእነ እገሌ ምድጃ ሳይሞቅ፣ የእነ እገሊት ጣሪያ ፀሐዩን ሳይለካ፣ የላይኛው ሰፈር በጎች በጆሯቸው ጉትቻ ያሉበትን ሳይናገሩ በሩ ንቅንቅ አይልም። ሰዉ ለምዶታል። እዚያው ቆሞ ጥርሱን ይፍቃል፣ ያዛጋል፣ ልጁን ይቆጣል። ድሮ በር በእጅ ይከፈት ነበር ቢሉት አይክድም፤ መያዣው እስከ ዛሬ በሩ ላይ አለ። ለምን እንደተተወ ግን የሚያስታውስ የለም።

ሰፈሩ ከደሴ በላይ ጦሳ ተራራ ወገብ ላይ የተለጠፈ ነው። ያለው አንድ ምሰሶ ብቻ ነው። ሁለተኛ ይተከል ተብሎ ነበር፤ ተራራው ድምፁን እየመለሰ አንዱን ምሰሶ ከሌላው ስለሚያጋጨው ሁለቱም ሊደናቆሩ ሆነና ነገሩ ቀረ። ስለዚህ ጨፌ በር አንድ ምንጭ እንዳለው መንደር አየሩን እየተካፈለ ይኖራል።

የሚያካፍለው ይመር እንድሪስ ነው። ሹመቱ የአየር አባት ይባላል። ስያሜው የተወሰደው ከውሃ አባት ነው፤ ቦርከና ዳር ሰዉ በመስኖ ሲያርስ የቦዩን ተራ የሚያድለውና ሰው ሲጣላ የሚዳኘው ሽማግሌ የውሃ አባት ይባል ነበር። የይመር አያት የውሃ አባት ነበሩ። የእሳቸው ማሳ የሚጠጣው ከሁሉም ማሳ በኋላ ነበር፤ አዳይ ቀድሞ ከጠጣ ማን ያምነዋል? ይመርም ይህንኑ ደንብ ይዞ ገባ። በጨፌ በር መጨረሻ የሚከፈተው በር የእሱ በር ነው። ሚስቱ ከድጃ ጠዋት ጠዋት «የሹመትህ ጥቅም እንዲህ ቤት ውስጥ መታሰር ነው?» ትለዋለች። ለጎረቤት ስታወራው ግን ደረቷን ነፍታ ነው።

የሰፈሩን አየር ከሁሉ በላይ የሚበላው ምድጃም በግም አይደለም፤ ሰላምታ ነው። የየሰፈሩን አየር ከላይ የሚቆጣጠረው ማዕከል አንድ ጊዜ ይህን ደረሰበትና ደነገጠ። የጠዋቱን አየር እኩሌታ የሚጨርሰው «እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ያ ወገብዎስ ተሻለዎ?» ሆኖ ተገኘ። ወዲያው ሰላምታን ወደ አንዲት ምልክት የሚያሳጥር ዘዴ ተሠርቶ ተላከ፤ ምልክቷን የነካ ሰው ሁሉንም እንደጠየቀ ይቆጠርለታል። በጨፌ በር አንድም ሰው አልነካትም። እማማ ሐዋ አመዴ «እኔ ሰውን በጣቴ አልስምም» አሉ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ። ይመር ለማዕከሉ «ሰፈሬ በሩ ቢዘገይበት ይመርጣል» ብሎ መለሰ። ይቺ መልሱ እስከ ዛሬ ታኮራዋለች።

ይመር ማካፈል ይችላል፤ መዝጋት ግን አይችልም። ማንም አይችልም። ባለሥልጣን በተቆጣ ቁጥር የአገር አየር እየተቆረጠ እናት የልጇን ድምፅ ሳትሰማ የምትከርምበት ዘመን ነበር። ከዚያ ዘመን በኋላ የወጣው ሕግ አጭር ነው፤ የሰው አየር በሰው እጅ አይዘጋም ይላል። ባለቤቱ በገዛ እጁ ካላጠፋው የበግ ጉትቻ እንኳ እንዳሻው ይናገራል። ይመር ይህን ሕግ ይወደዋል። አንድ ቀን እሱኑ ያስጨንቀዋል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

የዘሐራ ምጥ የመጣው ከቀትር በኋላ ነው። ዘሐራ የይመርና የከድጃ አንዲት ልጃቸው ናት፤ ባሏ ለሥራ አፋር ወርዶ ስለነበር ወላጆቿ ቤት ሰንብታለች። የጤና ኬላው አዋላጅ ሲስተር ሰናይት ሆዷን ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። ልጁ አግድም ተኝቷል። ካልተቀደደች አትወልድም።

መቀደድ በጨፌ በር ብርቅ አይደለም። በየጤና ኬላው ከጣሪያ የሚወርድ፣ ሰዉ በደፈናው «እጁ» የሚለው ሁለት ክንድ ያለው ነገር አለ። የሚያዘው ሩቅ አገር የተቀመጠ ሐኪም ነው። የዚያን ዕለት ተረኛዋ ዶክተር ፈትለወርቅ አርባ ምንጭ ነበረች። እሷ እዚያ ጣቷን ስታጥፍ እጁ እዚህ ጣቱን ያጥፋል። አንድ ደንብ ብቻ አለው፤ ሐኪሙን አጥርቶ ካልሰማ አይቆርጥም።

ማንም ክፉ አላሰበም። አንዲት ጎረቤት ዘሐራን ደግፈው ሲያስገቧት አይታ ለእህቷ ነገረች፤ እህቷ ሐይቅ ላሉት አክስቶቿ ነገረች፤ አክስቶቿ ኮምቦልቻ ደረሱ። ከዚያ «እንዴት ሆነች?» እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ወሎ ውስጥ የጨነቀው ሰው ሳይጠየቅ አይመሽም። መልስ የዘገየበት ሁሉ ደግሞ ጠየቀ። መልእክቱን የሚልከው ዕቃም የሰው ልጅ ጠባይ አለው፤ ካልተሰማ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፣ ይኼኛው ከፍ ሲያደርግ ያኛው ይብሳል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ይጮሃል፣ የሚሰማም ይጠፋል። ክርስቲያኑ «ማርያም ማርያም» እያለ ላከ፣ ሙስሊሙ ዱዓውን ላከ። ጸሎቱ ለፈጣሪ ደርሶ ይሆናል፤ ምሰሶው ላይ ግን ተደራርቦ ቀረ።

እጁ ከዘሐራ ሆድ በላይ እንደተዘረጋ ደርቆ ቆመ።

«ድምፃችሁ አይሰማኝም» አለች ዶክተሯ በተቆራረጠ ድምፅ። «ሲስተር... ድገሚ... አልሰማም...»

«ቅድሚያ ይሰጣት እንጂ!» አለች ከድጃ የልጇን እጅ እንደያዘች።

«ተሰጥቷታል» አለ ይመር። «ወረፋውን ቀድማለች። ቅድሚያ ወረፋ ያስቀድማል እንጂ ጫጫታ አያስቆምም።»

«ታዲያ አስቁመው! የአየር አባት አይደለህም?»

የአየር ክፍሉ ከጤና ኬላው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ይመር ገብቶ ሰሌዳውን አየ። የሚናገር ቤት በሰሌዳው ላይ ቀይ ሆኖ ይበራል፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ለሁሉም «ስለ ዘሐራ ነፍስ አየር ልቀቁ፣ ያላችሁን ሁሉ አጥፉ» የሚል ቃል ላከ። ለብዙው ሰው አልደረሰም። የደረሰው ደግሞ በድንጋጤ ወዲያው መለሰ። «እሺ አብየ ይመር! እሺ! ኧረ ለመሆኑ እንዴት ሆነች?»

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቀ ነበር።

ሰናይት ብቅ አለች። «የልጁ ልብ እየደከመ ነው። የእሷም ጉልበት እያለቀ ነው። ቶሎ ካልሆነ...» አለችና ተወችው። ወደ ከተማ እንዳያወርዷት መኪኖቹም የሚነዱት በአየር ነውና በየመንገዱ ቆመው ቀርተዋል። ይመር በቃሬዛ ቁልቁለቱን እንውረድ ቢልም ሰናይት ራሷን ነቀነቀች። ይመር ፈራ። በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። ቤት ለቤት እየዞርኩ ልለምን ቢል ዳር ሳይደርስ ሁሉ ነገር ያበቃል። ይህ ሰፈር ያለ ልመና፣ በገዛ እጁ፣ ሁሉንም የሚያጠፋው መቼ ነው?

ለቅሶ ሲሆን ነው።

በጨፌ በር የሚናገር ነገር ይዞ ለቅሶ መሄድ ነውር ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ሰው ጫማ ቀብር መሀል «ዛሬ ብዙ ተራምደሃል፣ እንኳን ደስ አለህ» ብሎት ሰውየው ሰፈር ለቋል። ስለዚህ ቅሬ የሚሉት የለቅሶ እድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰዉ መጀመሪያ የላዩን ያጠፋል፣ ቀጥሎ የቤቱን፣ ምድጃና ጣሪያ ሳይቀር፤ ቤቱም አብሮ ይዘን ይላሉ። ጥሩምባው ራሱ በአየር አይሄድም። ሞት በሰው እስትንፋስ እንጂ በሌላ አይነገርም ብሎ ቅሬው ከወሰነ ቆይቷል።

ጥሩምባ ነፊው ባዩ ወንድይፍራው ጓሮው ውስጥ ጌሾ ሲለቅም ይመር እያለከለከ ደረሰ።

«ጥሩምባህን አውጣ።»

ባዩ የያዘው ጌሾ ከእጁ ወደቀ። «ዘሐራ?»

«አለች። ገና አለች።»

«ታዲያ ለማን ልነፋ ነው?»

«ለቤቴ።»

ነገሩ ለባዩ ሲገባው ፊቱ ከል መሰለ። «አንተ ሰው፣ ጤናም የለህ? በቁም ሰው ላይ ጥሩምባ? ሟርት እኮ ነው! ይቺን ልጅ በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግኋት እኔ!»

«ስትሞት ከምትነፋላት አሁን ንፋላት፣ ባዩ።»

«ጥሩምባ ያለ ስም አይነፋም። የውሸት ስም ደግሞ አልጠራም፤ ይህ አፍ በሞት ዋሽቶ አያውቅም።»

«ስም አትጥራ። ወደ ይመር ቤት ድረሱ በል። ይኼ ውሸት ነው?»

ባዩ አሰበ። «ውሸትስ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ነገሩ ባይሆንልንስ? የባዩ ጥሩምባ ገደላት ይባላል።»

«ያስነፋሁት እኔ ነኝ። አባቷ ነኝ። ለሁሉም እናገራለሁ።»

ባዩ አማተበ። ከዚያ ጥሩምባውን ከግድግዳው አውርዶ ወደ ጉብታው ወጣ።

ይመር ወደ አየር ክፍሉ ሲመለስ ድምፁ ከኋላው ተነሣ፤ ያ ሰውን ከሥራውም ከእንቅልፉም የሚያቆመው ረጅም ድምፅ። ቀጥሎ የባዩ ጩኸት ተሰማ። «ወደ ይመር ቤት! ወገን ሆይ፣ ወደ ይመር ቤት ድረሱ!» በግድግዳው ማዶ ከድጃ ጮኸች። ይመር ምን ብሎ ይንገራት? ያን ጊዜ የዘሐራ ድምፅ መጣ፤ የደከመ ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም።

«እማ፣ ዝም በይ። አባዬ እኮ ነው። አየሩን እያጠራልኝ ነው።»

ይመር ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አለቀሰ። እንዲህ ያለች ልጅ የወለደ ሰው ምን ይባላል? ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ኩራቱ ግን በላዩ ወጣበት።

በሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የባሰ ሆነ። ሁሉም ሁሉን «ማነው? ማነው?» ሲል ቀዩ ደመቀ። ከዚያ ዳር ላይ አንድ ቤት ጠፋ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ከዚያ የእማማ ሐዋ ቤት፣ ከዚያ አንድ መንገድ በሙሉ። ማንም ያዘዛቸው የለም። እያንዳንዱ በገዛ እጁ፣ ለወገን ክብር ሲል፣ ምድጃውን፣ ጣሪያውን፣ በጎቹን ዝም እያሰኘ ነበር። ይመር ጥቁሩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ በጣቱ ተከተለው።

አንድ ቤት ግን አልጠፋም፤ የራሱ ቤት።

ከድጃ ቤቱን ትሕትና አስተምራው ነበር። እሷ በሌለችበት ለጠየቀ ሁሉ ሳያጓድል ይመልሳል፤ መልሱ ያልደረሰውን ደግሞ መልሶ ይጠራል። አሁን የሰፈሩ ጠያቂዎች ሁሉ አጥፍተው ወጥተዋል፤ የሐይቁንና የኮምቦልቻውንም ጥያቄ የሚቀበል ሌላ ቤት የለም፤ ቤቱ ግን ያን ሁሉ ሰው አንድ በአንድ እየጠራ፣ ባላነሡለት ቁጥር ድምፁን እያባሰ ብቻውን ይጮሃል። ይመር ቁልቁል ሮጠ። በሩ ፊት ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። በሩ አልተከፈተም፤ ቤቱ በመልስ ተጠምዶ በሩን ረስቶታል። ይመር ለአፍታ እንደ ጠዋቱ ጠበቀ። ከዚያ ያ የማይነካው መያዣ ታየው። ያዘው፤ ዝጓል። በሁለት እጁ ተንጠልጥሎ ጎተተው፣ በሩም እየተነጫነጨ ተከፈተ።

«ከድጃ ለጊዜው የለችም» ይል ነበር ቤቱ በለሰለሰ ድምፅ። «እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። እናንተስ? ልጆቹስ? ከብቱስ?»

ይመር እጁን ዘርግቶ አጠፋው።

እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምቶ አያውቅም። ነፋሱ ዛፉን ሲነካው ይሰማል። በግ ሲያኝክ ይሰማል። የአየር አባቱ አሁን ሰሌዳም የለው፣ የሚያየውም የሚያዘውም ነገር የለም። ወደ ጤና ኬላው እንደ ማንም ሰው በእግሩ ተመለሰ።

ሕዝቡ ወደ ይመር ቤት ሲወርድ መንገድ ላይ አገኘው፤ ነጠላው ተዘቅዝቋል፣ እጁ ባዶ ነው። «ወየው ልጄን!» የሚሉ ሴቶች ከፊት ነበሩ። ይመር ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱን ዘጋ።

«የሞተ የለም!» አለ። «ዘሐራ እዚህ ጤና ኬላው ውስጥ ናት፣ ልትቀደድ ነው። ሐኪሟ እንድትሰማ ዝምታችሁን ፈልጌ ነው። ያስነፋሁት እኔ ነኝ። ባዩን አትውቀሱት። አጥፍታችሁ እንደመጣችሁ ቆዩልኝ ብቻ።»

እማማ ሐዋ ልባቸውን ይዘው ቆሙ። «አላህ ይይልህ፣ ይመር! ነፍሴን አወጣኸው እኮ!» አሉና ወዲያው ወደ ሰዉ ዞሩ። «ምን ትጎለታላችሁ? ላዩ ላይ የረሳው ነገር ያለ ሰው ካለ አሁኑኑ ያጥፋ! ሰውን መጠየቅ በእግር ነው ስል ሰሚ አጣሁ። ይኸው በእግራችን መጣን።»

የጤና ኬላው ግቢ ሞላ። ሰዉ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ዝምታው ሁሉንም ግራ አጋብቷል። አንዱ ሰዓቱን የሚነግረው አጥቶ ፀሐይን ያንጋጥጣል። መነጽሩ የሰው ስም ሹክ የሚለው አንድ ጎልማሳ ከጎኑ የተቀመጠውን አብሮት የኖረ ጎረቤቱን «ማን ልበል?» ብሎ ጠየቀው። ጎረቤቱም ስሙን ነገረውና የሱን ጠየቀው። አንድም ሰው ግን ተነሥቶ አልሄደም፣ አንድም ሰው አላበራም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲጠይቅ የዋለውን ጥያቄ አፉ ውስጥ ይዞ ተቀመጠ።

በክፍት መስኮቱ በኩል የዶክተር ፈትለወርቅ ድምፅ ወጣ፤ አጠገባቸው የተቀመጠች ይመስላል። «ምንድን ነው የሆነው? ትንፋሿን ሳይቀር እሰማለሁ። በሉ፣ እንጀምር።» የእጁ ክንዶች ሲንቀሳቀሱ ይመር ሰማ። ባዩ አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጥሩምባውን ጋቢው ውስጥ ሸሽጎ ታቅፎታል።

ከዚያ ሕፃን አለቀሰ። ጩኸቱን ያመጣ ምሰሶ አልነበረም፤ ግቢው ሙሉ በገዛ ጆሮው ሰማው።

ሰናይት በሩ ላይ ወጣች። «ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ነጠላቸውን እንደዘቀዘቁ ሴቶቹ እልል አሉ። እማማ ሐዋ ለእርጅናቸው የማይገባ እልልታ ለቀቁ። የላይኛው ሰፈር ሰማና ተቀበለ፤ ከዚያም የባሰ ላይኛው ተቀበለ፤ ጦሳ ያን ጊዜ ድምፁን ቢመልስም የረበሸው ነገር የለም። ይመር እንባውን አልጠረገም። «ይህ የኔ ሰፈር ነው» አለ ለባዩ።

ልጁንና የልጅ ልጁን አይቶ፣ በከድጃም አንድ ጊዜ ተሰድቦና አንድ ጊዜ ተስሞ ወደ አየር ክፍሉ ሲገባ ማዕከሉ ይጣራ ነበር። ተረኛዋ ወጣት ሴት ናት።

«ጨፌ በር፣ በሕይወት አላችሁ? ምሰሶው ወደቀ ወይ? ሰፈሩ በሙሉ ከአንድ መስመር በቀር ጠፍቶብናል።»

«አልወደቀም።»

«ምን ዓይነት ብልሽት ነው ታዲያ?»

«ብልሽት አይደለም። ለቅሶ ነበር።»

«ውይ፣ ነፍስ ይማር። ማን ሞተ?»

«ማንም።»

ተረኛዋ ግራ ገባት። ይመር ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። መስመሩ ጥርት ያለ ስለነበር ትንፋሿ ይሰማው ነበር። ሰላምታን በአንድ ምልክት አሳጥሩ ያለው ይኸው ማዕከል ነው።

«እና...» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ እንደ ተረኛ መሆኑን ትቶ። «እና አሁን እንዴት ሆነች?»

ይመር ሰሌዳውን አየ። ሰዉ ገና ግቢው ውስጥ ነው፤ ለማብራት የቸኮለ የለም። የጨፌ በር አየር በሙሉ ባዶ ሆኖ ለመጨረሻው ተረኛ ለእሱ ቀርቶለታል። ወንበሩን ስቦ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አለ። «ሕፃኗም ደህና ናት። አንቺስ እንዴት ነሽ? እናትሽስ? አባትሽስ? ወንድም እህቶችሽስ? አገሩስ እንዴት ነው፣ ዝናቡስ?»